መንጋጋ ቆልፍን ከቁስል ነጥለው የያዙት ሐኪም



እንደሚታወቀው ከተቋማችን ተመርቀን ስንወጣ አብዛኞቻችን የምንመደበው ከተማ ውስጥ አይደለም። ከደጀን ተነስቶ በቢቸና አድርጎ ወደ ሞጣ የሚዘልቀውን መንገድ የምታውቁ ነገሩ ይገባችኋል። ከዋናው መንገድ ወረድ ሲባል ትምህርት ቤቱ የሚገኘው በጤፍና በስንዴ ማሳ መካከል ነው። ተማሪዎቹ ጠዋት በረት ጠርገው፣ ከብት አሰማርተው የሚመጡ ናቸው። ብዙው ልጅ በባዶ እግሩ ነው፤ ጫማ ያለውም ቢሆን ለኳስ ሲል ያወልቀዋል። እሾህ፣ ሚስማር፣ የቆርቆሮ ስባሪ፣ ማጭድ፣ ምሳር፣ ሁሉም በየቦታው አለ። በዓመት ውስጥ እግሩን ወይም እጁን ሳይወጋ የከረመ ልጅ ቢፈለግ አይገኝም ማለት ይቻላል። ታዲያ ልጁ ሲወጋ ወደ ማን ይሮጣል? ወደ መምህሩ ነዋ!

በልምምድ ማስተማር ላይ ሳለሁ አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የዛገ ሚስማር ረግጦ እያነከሰ መጣብኝ። ጓደኞቹ ደሙ እንዲቆም ብለው የደቀቀ አፈር ነስንሰውበታል። እኔም ምን እንደማደርግ በትክክል ሳላውቅ ቁስሉን ከነአፈሩ በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ቤቱ ሰደድኩት። ደግነቱ ልጁ ምንም አልሆነም። ነገር ግን ምን ያህል እንደተሳሳትኩ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ መንጋጋ ቆልፍ፣ ማለትም ሐኪሞች ቴታነስ ስለሚሉት በሽታ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ አንድ የሩቅ ምሥራቅ ሰው ስም እየደጋገመ ይመጣብኝ ጀመር። የዛሬው ጽሑፌ የእኚህን ሰው ሕይወት የሚመለከት ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ የኛ ነው ካላልኩ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሺባሳቡሮ ኪታሳቶ በጥር ወር 1853 በጃፓን ደቡባዊ ደሴት በኪዩሹ፣ ኦጉኒ በተባለ ተራራማ የገጠር አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው የመንደር ሹም ነበሩ፤ በኛ አገር ድሮ ጭቃ ሹም ይባል እንደነበረው ዓይነት መሆኑ ነው። ጃፓን ያን ጊዜ በሯን ዘግታ ከኖረችበት ዘመን በመውጣት ላይ ነበረች። በ1868፣ ማለት አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በወደቁበት ዓመት፣ በጃፓን አሮጌው የጦር አለቆች አገዛዝ ፈርሶ አዲስ መንግሥት ተተከለ። ኪታሳቶ በዚያን ጊዜ የ15 ዓመት ጎረምሳ ናቸው። እንደ ዘመኑ ወጣት ሁሉ ምኞታቸው ወታደር ወይም የመንግሥት ሰው መሆን ነበር እንጂ ሕክምናን ከቁም ነገር አይቆጥሩትም ነበር።

ሆኖም በቤተሰባቸው ግፊት በኩማሞቶ ከተማ ወደሚገኘው የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያ የሚያስተምሩት ኮንስታንት ፋን ማንስፌልት የሚባሉ የሆላንድ ሐኪም ነበሩ። እኚህ መምህር አንድ ቀን ለተማሪያቸው በማይክሮስኮፕ ውስጥ የሰውነትን ሥጋ አሳዩዋቸው። ዐይን የማያየው ያ ሁሉ ሥራ ከፊታቸው ሲገለጥ የጎረምሳው ልብ ተለወጠ። ማንስፌልት ይህን አይተው ማታ ማታ ለብቻ ያስተምሯቸው፣ በአስተርጓሚነትም ይረዷቸው እንደነበረ ይነገራል። እኛ መምህር ለመሆን የምንዘጋጅ ሰዎች እዚህ ላይ ቆም ብንል አይከፋም፤ አንድ ማይክሮስኮፕና አንድ ታጋሽ መምህር ናቸው ነገሩን የጀመሩት።

ከኩማሞቶ ወደ ቶኪዮ ተሻግረው በሕክምና ትምህርት ቤቱ በርካታ ዓመታት ቆዩ። የተመረቁት በ1883፣ በ30 ዓመታቸው ነው። ገና ተማሪ ሳሉ በ1878 አንድ ጽሑፍ አዘጋጅተው ነበር። የጽሑፉ ፍሬ ነገር የሕክምና ዋና መሠረቱ የታመመውን ከማዳን ይልቅ ሰው እንዳይታመም ማድረግ ነው የሚል ነበር። ያን ጊዜ ይህ የተማሪ ንግግር ብቻ ይመስል ይሆናል። በሥራ የታየው ኋላ ነው።

ከምረቃ በኋላ በሆስፒታል ገብተው ብዙ ደመወዝ መብላት ሲችሉ በመንግሥት የጤና ጥበቃ ቢሮ ተቀጠሩ። በ1885 በናጋሳኪ ከተማ ኮሌራ ሲገባ ወደዚያ ሄደው ተህዋሲያኑን ለይተው አዩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ መንግሥት ወደ በርሊን ላካቸው፤ የተላኩትም ወደ ሮበርት ኮህ ነው። ኮህ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን፣ ቀጥሎም የኮሌራን ተህዋሲያን ለይተው ያወጡ፣ በዘመኑ ወደር ያልነበራቸው ሊቅ ነበሩ። ሥራቸው ግን ፋታ የሌለው፣ ቁጣቸውም የሚያስፈራ ነበር ይባላል። ኪታሳቶ በዚህ ቤት 6 ዓመት ያህል ሠሩ።

እዚህ ላይ ወደ በሽታው እንምጣ። መንጋጋ ቆልፍ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ የግሪኩ ሂፖክራተስ ዘመን ጽሑፎች ያነሱታል። ሰው በትንሽ ነገር ይወጋል፤ ቁስሉ ይድናል ወይም ይረሳል፤ ከዚያ ከጥቂት ቀናት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሳምንት በኋላ፣ አፉን ለመክፈት ይቸገራል። ምግብ መዋጥ ያቅተዋል። አንገቱ ይገተራል። ሳይስቅ ፊቱ የሳቀ ይመስላል። ኋላ ጀርባው እንደ ደጋን ወደ ኋላ ይለጠጣል፤ በር ሲንኳኳ ወይም ብርሃን ሲበራ መላ ሰውነቱ ይኮማተራል። አሳዛኙ ነገር በሽተኛው ይህ ሁሉ ሲደርስበት አእምሮውን አይስትም፤ ሁሉን እየሰማ ነው። በየአገሩ ይህን ያየ ሰው ልክፍት ነው ቢል አይፈረድበትም።

በ1884 በጣሊያን አገር በቱሪን ከተማ ካርሌና ራቶኔ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በዚህ በሽታ ከሞተ ሰው መግል ወስደው ጥንቸል ላይ ቢወጉ ጥንቸሏም በዚያው በሽታ ሞተች። በዚያው ዓመት በጀርመን አርተር ኒኮላየር የተባለ ወጣት ተራ የመሬት አፈር በእንስሳት ቆዳ ሥር ቢያስገባ እነሱም መንጋጋ ቆልፍ ያዛቸው። እንግዲህ ነገሩ ከአፈር መሆኑ ታወቀ ማለት ነው። ኒኮላየር በማይክሮስኮፕ ሲያይ አንድ ጫፉ ያበጠ፣ የነጋሪት መምቻ የመሰለ ቀጭን ተህዋሲ አገኘ። ነገር ግን ብቻውን ሊያበቅለው አልቻለም። ባሳደገው ቁጥር ሌሎች ጀርሞች አብረው ይበቅላሉ። እንዲያውም ስመ ጥሩው ፕሮፌሰር ፍሉገ ይህ ተህዋሲ ከሌሎች ጋር ካልሆነ በቀር ብቻውን ሊያድግ አይችልም ወደሚል አስተሳሰብ አዘነበሉ። ብዙውም ሰው ይህን ተቀበለ።

ኪታሳቶ አልተቀበሉትም። ከአንድ በመንጋጋ ቆልፍ ከሞተ ወታደር ቁስል የተወሰደ መግል ይዘው ሥራ ጀመሩ። መጀመሪያ ያስተዋሉት ነገር ቀላል ይመስላል። መግሉን በመርፌ ወደ ረጋ ጄላቲን ውስጥ ወግተው ሲያስገቡት የነጋሪት መምቻው ተህዋሲ የሚበቅለው ከታች፣ ከጥልቁ ነው እንጂ ከላይ፣ አየር ከሚነካው ቦታ አይደለም። ከዚህም የተነሳ ይህ ፍጡር አየር ይጠላል ብለው ገመቱ። ሁለተኛው ነገር የተህዋሲው ያበጠ ጫፍ ነው። ያ እብጠት ዘር ነው፤ ልክ የደረቀ የጤፍ ዘር ጎተራ ውስጥ ዓመት ቆይቶ መሬት ሲያገኝ እንደሚበቅል ሁሉ፣ የዚህም ዘር በጠንካራ ቅርፊት ተጠቅልሎ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ዘር ከሆነ ደግሞ ሙቀት ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ምን አደረጉ? የተቀላቀለውን ዘር በ80 ዲግሪ ሙቀት ለ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ሌሎቹ ጀርሞች ሞቱ፤ የመንጋጋ ቆልፉ ዘር ብቻ ቀረ። ከዚያም አየሩን አስወጥተው በምትኩ ሃይድሮጂን ጋዝ በሞሉበት ዕቃ ውስጥ አሳደጉት። ለዚሁ ሲሉ የሠሩት ጠፍጣፋ የመስታወት ዕቃ ዔሊ ስለሚመስል በጃፓን በዔሊ ስም ይጠራል። ተህዋሲው ብቻውን፣ ንጹሕ ሆኖ በቀለ። አይጥ ላይ ሲወጉት መንጋጋ ቆልፍ አመጣ። በሚያዝያ ወር 1889 በበርሊን በጀርመን የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ጉባኤ ላይ ውጤቱን አቀረቡ።

ወሩንና ዓመቱን ልብ በሉ። መጋቢት 1889፣ በኛ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ላይ፣ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ በጥይት ቆስለው ሞቱ። ከዚያ ዓመት ቀደም ብሎ ደርቡሾች የጎጃሙን ንጉሥ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር ድል አድርገው ጎንደርን አቃጥለው ነበር። በየሜዳው የወደቀው ቁስለኛ ብዛት ሊገመት ይችላል። እንግዲህ በዚያው ሰሞን ነው፣ ከዚህ ሩቅ በሆነ ከተማ፣ አንድ የገጠር ጃፓናዊ ከቁስል የሚነሳውን ገዳይ በመስታወት ዕቃ ይዞ ለሐኪሞች ያሳየው።

ኪታሳቶ በዚህ ብቻ አልቆሙም። የሞቱትን አይጦች ሲመረምሩ አንድ የሚያስገርም ነገር አጋጠማቸው። ተህዋሲው የሚገኘው በተወጋው ቦታ ላይ ብቻ ነው። በደም ውስጥ የለም፣ በልብ የለም፣ በአእምሮ የለም። ታዲያ መላ ሰውነትን የሚገትረው ምንድን ነው? መልሱ መርዝ ነው። ተህዋሲው በቁስሉ ውስጥ ተቀምጦ መርዝ ያመርታል፤ ሰውን የሚገድለው መርዙ ነው። ዛሬ እንደምናውቀው ይህ መርዝ በነርቭ ውስጥ ተጉዞ ወደ አከርካሪ ገመድ ይደርሳል። በዚያም ጡንቻ እንዲላላ የሚያዝዙትን ነርቮች አፍ ይዘጋል። ጡንቻ ከታዘዘ በኋላ የሚያስቆመው ስለሌለ ይኮማተራል፣ ይኮማተራል፣ አይለቅም። በዓለም ላይ ከታወቁት መርዞች ሁሉ በጥቂቱ የሚገድል ከሚባሉት አንዱ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ ነው ስማቸውን በዓለም የተከለው። ኪታሳቶና በዚያው ቤት የሚሠሩት ጀርመናዊው ኤሚል ፎን ቤሪንግ አንድ ላይ ሆኑ፤ ቤሪንግ በዲፍቴሪያ፣ ኪታሳቶ በመንጋጋ ቆልፍ። ኪታሳቶ በኬሚካል እየታገዙ ጥንቸሎችን ቀስ በቀስ መርዙን እንዲለምዱ አደረጉ። በመጨረሻ ጥንቸሎቹ ሌላውን የሚገድል መጠን ቢሰጣቸው የማይሞቱ ሆኑ። ከነዚህ ጥንቸሎች ደም ቀዩ ሲወርድ ከላይ የሚቀረውን ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ ሴረም የሚባለውን፣ ወስደው አይጥ ላይ ወጉ። ከዚያ ለአይጡ መርዙን ቢሰጡት አልሞተም። ሴረሙን ከመርዙ ጋር ቀድመው ደባልቀው ቢወጉትም መርዙ እንዳልነበረ ሆነ። በታኅሣሥ ወር 1890 ይህን በጋራ አሳተሙ። ከዚያ በፊት ሰውነት በሽታን የሚከላከለው በደሙ ውስጥ በሚገኝ አንድ ነገር መሆኑን በዚህ ግልጽነት ያሳየ አልነበረም። ዛሬ አንቲቦዲ የምንለው ነገር ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ከሕይወት ታሪኩ ትንሽ ልውጣና ይህ ነገር ለኛ ምን እንደሚፈይድ ልናገር፤ ጽሑፉንም የጀመርኩት ለዚሁ ነው።

የመንጋጋ ቆልፍ ዘር የሚኖረው በአፈር፣ በአቧራ፣ በፈረስ፣ በበቅሎ፣ በአህያና በከብት ፋንድያና እበት ውስጥ ነው። የቢቸናን የመረሬ መሬትና የሞጣን በረት አስቡት። ይህ ማለት አፈሩ ርኩስ ነው ማለት አይደለም፤ ጤፉን የሚያበቅለው ይኸው አፈር ነው። ነገሩ አፈሩ ከቁስል ውስጥ ሲገባ ነው። ብዙ ሰው የሚፈራው ሰፊ ቁስልና ብዙ ደም ነው። የኪታሳቶ ሥራ የሚያስተምረን ግን ተቃራኒውን ነው። ተህዋሲው አየር ስለሚጠላ የሚመቸው ጠባብና ጥልቅ ቁስል ነው፤ እሾህ፣ ሚስማር፣ የሹካ ጫፍ። ከላይ ተዘግቶ ከውስጥ አየር የማያገኝ። ዝገቱ ራሱ በሽታ አያመጣም፤ የዛገ ሚስማር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአፈር ውስጥ የኖረ ሚስማር ነው።

ስለዚህ ልጅ ሲወጋ አፈር፣ አመድ፣ እበት፣ የቡና ዱቄት መነስነስ ይቅር። እኔ በልጅነቴ እጄን ማጭድ ሲቆርጠኝ እናቴ ቡና ነው የነሰነሰችብኝ፤ ለክፋት አይደለም፣ የምታውቀው ያን ስለነበረ ነው። የሚሻለው እጅን ታጥቦ፣ ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ተጭኖ ማቆም፣ ከዚያም ቁስሉን በብዙ ንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ የሚታየውን ቆሻሻ ማውጣት፣ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ነው። ጥልቅ ከሆነ ወይም አፈር የገባበት ከሆነ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ያስፈልጋል። ሲላክም የልጁ የክትባት ካርድ ካለ አብሮ ቢሄድ ጥሩ ነው። ምክንያቱም በዚያ የሚጠየቀው የመጀመሪያው ነገር ክትባቱን ጨርሷል ወይ፣ የመጨረሻውን ከወሰደ ስንት ዓመት ሆነው የሚል ነው። ክትባቱን ለጨረሰ ሰው ንጹሕና ትንሽ ቁስል ከሆነ ከመጨረሻው ክትባት 10 ዓመት ካለፈ ማጠናከሪያ ይሰጠዋል፤ ቆሻሻ ወይም ጥልቅ ቁስል ከሆነ 5 ዓመት ካለፈ ይሰጠዋል። ክትባቱን ያልጨረሰ ወይም የማይታወቅ ከሆነና ቁስሉ ቆሻሻ ከሆነ ከክትባቱ ሌላ ፀረ መርዙ፣ በየጤና ጣቢያው ቲ.ኤ.ቲ. እየተባለ የሚጠራው ወይም ከሰው ደም የተዘጋጀው፣ አብሮ ይሰጣል። ያ መርፌ የኪታሳቶ ጥንቸል ሴረም የልጅ ልጅ ነው።

አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። ፀረ መርዙ የሚይዘው ገና በደም ውስጥ ያለውን መርዝ ነው። ወደ ነርቭ ገብቶ የተጣበቀውን አያላቅቀውም። በመሆኑም መንጋጋው ከተቆለፈ በኋላ የሚሰጠው ሕክምና ረጅምና ከባድ ነው። ፀረ መርዝ ይሰጣል፣ ቁስሉ ይከፈትና ይጸዳል፣ ሜትሮኒዳዞል የመሰለ ፀረ ተህዋሲ ይታዘዛል፣ ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ይጨመራል። በሽተኛው ጸጥ ባለና ብርሃን ባልበዛበት ክፍል ሆኖ እስትንፋሱ እየተጠበቀ ለሳምንታት ይተኛል። ከዳነም በኋላ ደግሞ መከተብ አለበት፤ ይህ በሽታ አንዴ ስለያዘ ሁለተኛ እንዳይዝ አያደርግም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፤ ስለዚህ ጎረቤት ሁሉ ቢከተብ እንኳ ያልተከተበውን ልጅ አያድነውም። እያንዳንዱ ለራሱ መከተብ አለበት።

እናቶችም አሉ። እትብት ባልጸዳ ምላጭ ተቆርጦ ቅቤ ወይም እበት ሲቀባ አራስ ልጅ በሳምንቱ ጡት መጥባት ያቆማል፤ ያም መንጋጋ ቆልፍ ነው። ቤት ውስጥ የሚደረግ ግርዛትና እንጥል መቁረጥም ይኸው አደጋ አለባቸው። ምላጩን በፈላ ውሃ መንከር እንኳ ለዚህ ዘር አስተማማኝ አይደለም፤ በ80 ዲግሪ የተረፈውን አስታውሱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1988 በመላው ዓለም በአራስ ልጅ መንጋጋ ቆልፍ የሞቱት ሕፃናት 787,000 ያህል እንደነበሩ ገምቶ ነበር። በኢትዮጵያ የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም በ1980 ተጀመረ። ነፍሰ ጡሮችና በወሊድ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ሲከተቡ፣ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቀበሌው ሲሠማሩ፣ በ2017 አገራችን የእናቶችና የአራስ ልጆች መንጋጋ ቆልፍ የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን እንደወጣ ተረጋገጠላት። ይህ ማለት ግን ዘሩ ከአፈር ጠፋ ማለት አይደለም። እሱ እዚያው ነው። ክትባቱ ሲቋረጥ ይመለሳል።

ወደ ሰውየው እንመለስ።

በ1901 የመጀመሪያው የሕክምና የኖቤል ሽልማት ሲሰጥ የተሸለሙት ቤሪንግ ብቻ ናቸው። ኪታሳቶ ታጭተው ነበር፤ አልተሰጣቸውም። ሽልማቱ በተለይ ለዲፍቴሪያው ሥራ ነው የሚል ምክንያት ይቀርባል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ያ የ1890 ጽሑፍ የሁለቱ ነበር፤ ሽልማቱ ለሁለት ቢከፈል ማንም ባልተበደለ ነበር። ኪታሳቶ ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ከወዳጃቸው ጋር ተጣሉ የሚል አላነበብኩም።

ይልቅስ የከፋ ጠብ የገጠማቸው በገዛ አገራቸው ነው። ነገሩ ወዲህ ነው። ከመሄዳቸው በፊት የባክቴሪያን ትምህርት ያስጀመሯቸው ኦጋታ የሚባሉ ፕሮፌሰር ቤሪቤሪ የተባለውን በሽታ የሚያመጣውን ተህዋሲ አገኘሁ ብለው አወጁ። ኪታሳቶ በርሊን ሆነው ማስረጃውን ቢመረምሩ አላሳመናቸውም። በመሆኑም ስሕተት መሆኑን በጽሑፍ አወጡ። በአገራቸው ውለታ ቢስ ተባሉ፤ ተማሪ መምህሩን በአደባባይ እንዴት ያርማል ተብሎ። ኋላ ግን ቤሪቤሪ ከተፈተገ ሩዝ ብቻ በመመገብ፣ በቫይታሚን እጥረት የሚመጣ እንጂ የተህዋሲ በሽታ አለመሆኑ ታወቀ። እኛ ጋ ቢሆን ኖሮስ ምን ይባሉ ነበር? መልሱን ለያንዳንዳችን ልተወው።

በ1892 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ከአውሮፓና ከአሜሪካ ጥሪ እየመጣላቸው ሳለ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ግን በር የሚከፍትላቸው አልተገኘም። በዚህ ጊዜ የደረሱላቸው ፉኩዛዋ ዩኪቺ ናቸው። ፉኩዛዋ መምህርና ጸሐፊ፣ ኬዮ የሚባለውን ትምህርት ቤት የመሠረቱ ሰው ናቸው። በራሳቸው መሬት ላይ አነስተኛ ቤት አሠርተው ኪታሳቶን አስገቡ። ያ ቤት የጃፓን የተላላፊ በሽታዎች ተቋም መጀመሪያ ሆነ። ኋላ ቦታው ሲጠብ ወደ ሌላ ሰፈር ሊዛወሩ ሲሉ የሰፈሩ ሰዎች በሽታ ታመጡብናላችሁ ብለው ተቃወሙ። ቢሆንም ሥራው አልቆመም።

በ1894 ሆንግ ኮንግ ላይ የወረርሽኝ መዓት፣ የአይጥ ቁንጫ የሚያስተላልፈው ፕሌግ፣ ሲነሳ መንግሥት ላካቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተህዋሲውን አገኘሁ አሉ። በዚያው ሰሞን አሌክሳንደር የርሲን የተባሉ ሐኪም ለብቻቸው በደሳሳ ጎጆ ሲሠሩ እሳቸውም አገኙ። የኪታሳቶ ገለጻ ላይ ከሌላ ተህዋሲ ጋር የተቀላቀለ ነገር ነበረበት፤ የየርሲን ይበልጥ ንጹሕ ነበር። በዚህ ምክንያት ተህዋሲው ዛሬ የሚጠራው በየርሲን ስም ነው። መንጋጋ ቆልፍን ከሌሎች ጀርሞች በትዕግሥት ነጥለው ያወጡት ሰው በችኮላ ጊዜ በመቀላቀል ስሕተት መውደቃቸው የሚያሳዝን ነው። ይህን የምጽፈው ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም፤ የሕይወት ታሪክ ስንጽፍ ቀናውን ብቻ መጻፍ ልማድ ስለሆነብን ነው።

በበርሊን የተጀመረው የሴረም ሥራ ግን በዓለም ተስፋፋ። ጥንቸል ትንሽ ስለሆነች ፈረስ ተተካ፤ ከፈረስ ብዙ ሴረም ይገኛል። በአድዋ ጦርነት ጊዜ፣ በኛ 1888 ዓ.ም.፣ ይህ ነገር ገና አዲስ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ገብተው ቁስለኞችን አክመዋል፤ ሆኖም ለሰፊው ሠራዊት የሚዳረስ ፀረ መርዝ በዚያ ዘመን በየትም አገር አልነበረም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ወታደሮች በፈረስ ፋንድያ በተዳበለው የፈረንሳይ እርሻ ምሽግ ቆፍረው ተዋጉ። በ1914 በጦርነቱ መጀመሪያ ወራት ከ1,000 የእንግሊዝ ቁስለኞች ወደ 8 የሚጠጉት መንጋጋ ቆልፍ ያዛቸው። ለእያንዳንዱ ቁስለኛ የፈረስ ሴረም እንዲሰጥ ሲታዘዝ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቁጥሩ ከ2 በታች ወረደ። ከጦርነቱ በኋላ በፈረንሳይ ጋስቶን ራሞን መርዙን በፎርማሊንና በሙቀት አለዝበው የማይጎዳ ግን ሰውነትን የሚያስተምር አደረጉት። የዛሬው ክትባት እሱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ሁሉን ወታደር ስለከተበ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ከሚሆኑ ቁስለኞች መካከል መንጋጋ ቆልፍ የያዛቸው 12 ብቻ ነበሩ።

ኪታሳቶ የራሞንን ክትባት ለማየት ደርሰዋል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ሌላ ፈተና አለፉ። ለ20 ዓመት ከሁለት ያሳደጉትን ተቋም መንግሥት በ1914 ሳያማክራቸው ከአንዱ ሚኒስቴር ወደ ሌላው አዛውሮ ከዩኒቨርሲቲው ሥር አደረገው። ኪታሳቶ ሥራቸውን ለቀቁ። የሚገርመው አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩት ባልደረቦቻቸው፣ የተቅማጥ ተህዋሲን ያገኙት ሺጋ ጭምር፣ ተከትለዋቸው መውጣታቸው ነው። ኪታሳቶ በተማሪዎቻቸው ዘንድ ነጎድጓድ የሚል ቅጽል ስም ነበራቸው፤ ሲቆጡ ቤት ይነቀንቁ ነበር አሉ። ነጎድጓድ የሆነን አለቃ ሰው ሁሉ ደመወዙን ጥሎ የሚከተለው በምን ምክንያት እንደሆነ የአስተዳደር ትምህርት የምትወስዱ ብትወያዩበት መልካም ነው። ወዲያው በራሳቸው ገንዘብ በስማቸው የሚጠራውን አዲስ ተቋም አቋቋሙ። ፉኩዛዋ ካረፉ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1917፣ የኬዮ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን ሆነው የአሮጌ ወዳጃቸውን ብድር መለሱ። በ1923 የጃፓን ሐኪሞች ማኅበር የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1924 የባሮንነት ማዕርግ ተሰጣቸው።

ሰኔ 13 ቀን 1931 ቶኪዮ ውስጥ በቤታቸው እንደተኙ፣ በአእምሮ ደም መፍሰስ፣ በ78 ዓመታቸው አረፉ። በ2024 ጃፓን አዲስ የ1,000 የን ገንዘብ ስታወጣ ያተመችበት የሳቸውን ምስል ነው።

ስለ መምህራቸው አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሮበርት ኮህ በ1908 ጃፓንን ሲጎበኙ ኪታሳቶ ከአጠገባቸው አልተለዩም። ኮህ ጠጉራቸውን ሲቆረጡ ቁራጩን በድብቅ ሰብስበው አስቀመጡት። በ1910 ኮህ ሲሞቱ በተቋሙ ግቢ ውስጥ አነስተኛ ቤተ መቅደስ አሠርተው ያን ጠጉር በዚያ አኖሩ። ኪታሳቶ ራሳቸው ሲሞቱ ደቀ መዛሙርቶቻቸው ከጎኑ ሌላ ሠሩላቸው። በ1945 የጦርነት ቦምብ የመምህሩን ቤት አቃጠለው፤ የደቀ መዝሙሩ ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሚታሰቡት በአንዱ ጣሪያ ሥር ነው።